እሽጉን የነካ ማነው?

መጠርጠር የጀመረ ሰው የት እንደሚያቆም አያውቅም። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ተጠርጥሬም ጠርጥሬም ስለማውቅ ነው። ከሁለቱ የትኛው ያደክማል ብትሉኝ መጠርጠር እላችኋለሁ። የተጠረጠረ ሰው የሚጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጥተው እስኪወስዱት። የጠረጠረ ሰው ግን አገር ምድሩን ሲጠብቅ ይውላል። ጎረቤቱ ቢያስል ምልክት ይመስለዋል፤ ሚስቱ ብትስቅ ማንን አስባ ነው ይላል፤ ውሻው ሳይጮህ ከዋለ ደግሞ ማን ምን አብልቶት ነው ብሎ ውሻውን ይመረምራል። በደርግ ጊዜ ይህ ነገር ከግል አመልነት አልፎ ሥራ ሆኖ ነበር። ስብሰባ ይጠራበታል፣ መፈክር ይጻፍለታል፣ ሪፖርት ይላክበታል። ስሙም መጠርጠር አይባልም፤ ንቃት ነው የሚባለው። እኛም ኮሶ ሜዳ ላይ እርስ በርስ መተያየት እስኪያቅተን ድረስ ንቁ ነበርን።

ኮሶ ሜዳ ያልኳችሁ ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲኬድ ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ የሚገባ፣ ከስሜን ተራሮች የሚወርደው ነፋስ ማንንም ሳያስፈቅድ የሚያልፍበት ሜዳ ነው። እዚያ የተቋቋመው የአምራቾች ማኅበር አንድ መጋዘን፣ አንድ ማኅተምና አንድ ትራክተር ነበረው። ከሦስቱ ማኅበሩ አብዝቶ የሚሳሳው ለማኅተሙ ነበር።

ትራክተሯ ከሁመራ ቆላ የመጣች አሮጊት ናት። የአንድ ባለ ሰፊ እርሻ ጌታ ንብረት ነበረች። እርሻው ሲወረስ ጌታው ሸሸ፤ እሷ መሸሽ ስላልቻለች ተያዘች። ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ቆይታ እኛ ዘንድ ስትደርስ ከቀለሟ የቀረው ዝገት ይሁን ቀይ የማይለይ ነገር ነበር። ገበሬዎቹ ለበሬ የሚያወጡትን ስም አውጥተውላት ዳማ አሏት። የእኔን ስም ግን ማንም ሊይዘው አልቻለም፤ "የዳማ ነጂ" ነበር የምባለው። ከጎንደር የመጣሁ፣ የሦስት ወር ኮርስ የወሰድኩ ሰው ነኝ። ሦስት ወር ትራክተር ለማስነሳት ይበቃል። ስትቆም ለምን እንደቆመች ለማወቅ አራተኛ ወር ያስፈልግ ነበር መሰለኝ፤ እሱን ደግሞ አልሰጡንም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ፈንቴ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርለት። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ ከተማረ ወዲህ ግን ያገኘውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ያነብ ነበር፤ አንድ ጊዜ የተጻፈውን፣ አንድ ጊዜ የተደበቀውን። የክብሪት ቀፎ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፀሐይ ላይ ይዞ ሲመረምር በዓይኔ አይቻለሁ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ለስብሰባ ደባርቅ ወርዶ ሦስት ቀን ቆየ። ሲሄድ የሚጠረጥረው እኔን ብቻ ነበር፤ ሲመለስ ሁላችንንም ሆነ። በየቦታው ናፍጣ እየተቀዳ ይሸጣል አለን፤ ይህም ሌብነት ሳይሆን የኢኮኖሚ አሻጥር መሆኑን አስረዳን። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በሌብነት የተያዘ ሰው ታስሮ ይፈታል። በአሻጥር የተያዘ ሰው የት እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ስለምናውቅም አንጠይቅም። ስለዚህ የዳማ የናፍጣ ታንክ ይታሸግ ተባለ፤ በሰም፣ ሰሙም ላይ የማኅበሩ ማኅተም ይረፍበት። ሁላችንም አጨበጨብን። እኔ እንዲያውም ከሌላው ትንሽ አስረዝሜ አጨበጨብኩ፤ ናፍጣው አጠገብ የምውለው እኔ ስለሆንኩ ነው።

አሻጊዋ እትየ ብርቄ ሆኑ። የመጋዘኑ ቁልፍ ያዥ ናቸው። ከዚያ በላይ ግን ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ደባርቅ ባለው መንገድ ሠርግ ወይ ተዝካር ካለ የጠላው ጋን በእሳቸው እጅ ካልተመረገ ደጋሹ ልቡ አያርፍም። በቅጠል ከድነው፣ ጨርቅ ደርበው፣ ጭቃውን ዙሪያውን ሲለቀልቁት ጉንዳን የምትገባበት ቀዳዳ አይተዉም። ጠላ ትንፋሽ ካገኘ ይሆመጥጣል ብለው ያምናሉ፤ እውነታቸውን ነው። ናፍጣንም ከጠላ የተለየ ክብር አልሰጡትም። ለጧፍ የተቀመጠ ሰም ከቄስ ሞገስ ተለምኖ መጣ፤ እትየ ብርቄ በቆርቆሮ አቅልጠው ክዳኑን ከላይ እስከ አንገቱ አለበሱት፤ በእርጥብ አውራ ጣታቸው አለሰለሱት። ጓድ ፈንቴም ማጭድና የስንዴ ዛላ የተቀረጸበትን ማኅተም ከኮቱ ውስጠኛ ኪስ አውጥቶ፣ ተንፍሶበት፣ መሐሉ ላይ አሳረፈው። እትየ ብርቄ ሥራቸውን ራቅ ብለው አዩትና "በል እንግዲህ ፈንቴ፣ ዝንብም አይገባበት" አሉት። ጓድ ፈንቴ ለምን ጓድ አልተባልኩም ብሎ ቅር ሲለው ጊዜ "ስትወለድ እትብትህን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ጓድ አልነበርክም" ብለው ወደ መጋዘናቸው ሄዱ።

መከራዬ ከዚያ ሳምንት ጀመረ።

ዳማ ጠዋት ባንዴ ትነሣለች፤ ድምፅዋ ደግሞ ጤነኛ። ማረሻዋን አስገብቼ ሜዳውን ሁለቴ ሦስቴ እመላለሳለሁ። ግማሽ ሰዓት አለፍ ሲል ጋዙን ሳልነካው ሞተሯ ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል። ከፍ ሲል ልትበር የደረሰች ይመስላል፤ ዝቅ ሲል ልትሞት። ሊማሊሞን በእግሩ የወጣ ሰው እንዴት እንደሚያለከልክ ታውቃላችሁ? እንዲያ ነው። ጋዝ ብጨምር አትሰማም፣ ብቀንስ አትሰማም፣ ማርሽ ብቀይር ግድ የላትም። በመጨረሻ ሜዳው ጥግ ላይ፣ ከመጋዘኑ በጣም በምንርቅበት ቦታ፣ እርፍ ትላለች። አንድ ሰዓት ያህል ስትቆም ራሷ ሐሳቧን ትቀይርና ትነሣለች፤ ትንሽ አርሳ ደግሞ ትቆማለች።

ስትቆም ለኮሚቴው ማሳወቅ ግዴታዬ ነው። ኮሚቴው ማለት ጓድ ፈንቴ፣ እትየ ብርቄና ሁለት ዝም የሚሉ ሰዎች ናቸው። ሜዳውን አቋርጠው ይመጣሉ። ደንቡ ደግሞ አስቀድሞ እሽጉ እንዲታይ፣ ቀጥሎ እንዲከፈት፣ ናፍጣው በሸምበቆ እንዲለካ ያዛል። እትየ ብርቄ ሰሙን በቢላዋ ዙሪያውን ልጠው ክዳኑን ሲያዞሩት እሽ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ያን ድምፅ ሲሰሙ ፊታቸው ይፈካል፤ የእጃቸው ሥራ ስለሆነ። ናፍጣው ይለካል፤ ከሠራችበት በላይ አልጎደለም። ከዚያ አስነሣት እባላለሁ። አስነሣለሁ። ዳማም እንደ ሙሽራ መኪና ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ኮሚቴው ቆሞ ያያታል፣ ከዚያ እኔን ያየኛል። እሽጉ ታድሶ፣ ማኅተሙ አርፎ፣ እነሱ ሜዳውን አቋርጠው ቤታቸው ሲደርሱ ዳማ ታለከልክና ትቆማለች። እኔም ለማሳወቅ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ አመላለስኳቸው። በሦስተኛው ጓድ ፈንቴ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ ይህች ትራክተር የምትቆመው ለአንተ ብቻ የሆነበትን ምክንያት በጽሑፍ አቅርብ አለኝ።

ምን ብዬ ልጻፍ? እኔው ራሴ አላውቀውማ። ስለማላውቅም ያገኘሁትን ሁሉ ጠረጠርኩ። አስቀድሜ ከፍታውን ጠረጠርኩ፤ የቆላ ልጅ ናት፣ የስሜን ብርድ ይዟት ይሆናል ብዬ። ቀጥሎ የመጋዘኑን ዘብ ጠረጠርኩ፤ ጠመንጃውን የሚወለውልበት ዘይት ከየት ያመጣል? ቄስ ሞገስንም ጠረጠርኩ። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝተውኝ፣ መሬት መሬቱን እያዩ፣ ለመቅደስ መብራት የተቀመጠ ሰም ብረት ላይ ሲለጠፍ ብረቱስ ዝም ይላል ወይ አሉኝ። ወዲያው ግራ ቀኝ አይተው "እኔ ምንም አላልኩም" ብለው ሄዱ። እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ የሚሄድ ሰው ይጠረጠራል እንጂ ምን ይደረጋል? እነሱም እኔን፣ እኔም እነሱን እያየን ግንቦት ተጋመሰ። ሰማዩ በየከሰዓቱ ይጠቁር ጀመር። ያልታረሰው መሬት ከታረሰው ይበልጥ ነበር፤ ዝናቡ ከቀደመን የማኅበሩ አባላት በሬያቸውን ሳይቀር ለማኅበሩ አስገብተው የደከሙበትን ዓመት ሁሉ ውኃ ሊበላው ነው።

በኋላ ደግሞ ማስረጃ ተገኘብኝ።

የዳማ ታንክ ከመሪው ፊት ለፊት ነው፤ ክዳኑ እጄን ብዘረጋ የምደርስበት ቦታ ላይ ነው ያለው። አንድ ቀን እሽጉ ሳይከፈት ጓድ ፈንቴ ጎንበስ ብሎ አየውና ቀና ሳይል ቆየ። ሰሙ መሐል ለመሐል ጎድጉዷል። ማጭዱ በግልጽ ይታያል፤ የስንዴው ዛላ ግን ወደ ውስጥ ሰምጦ ጠፍቷል። ይህን በአውራ ጣቱ የተጫነ ሰው አለ አለ። ከዚያም አውራ ጣትህን አምጣ አለኝ። አመጣሁ። ጉድጓዱ ላይ ሲያደርጓት ልክክ አለች። ከኮሚቴው አባላት የማንኛቸውም አውራ ጣት ቢሞከር ልክክ ይል ነበር፤ የተለካችው ግን የኔ ብቻ ናት። ናፍጣው እንዳልጎደለ ባስታውሰው፣ ዋናው አጠራጣሪ ነገር እሱ ነው አለ። ሰርቆ ያልጎደለበት ሌባ በምትኩ ሌላ ነገር ጨምሯል ማለት ነው፤ ሞተሩ የሚደክመውም የተጨመረው ውኃ ቢሆን ነው። ነገሩን እንዲህ አያይዞ ሲነግረኝ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ።

ከደባርቅ መካኒክ ይምጣ ተባለና መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሻንጣውን ከፍቶ ኪያቤና ካቻቢቴውን በጨርቅ ላይ ደረደረ። ደንብ ነውና እሽጉ ተከፈተለት። ፖምፓውን አየ፣ ቱቦዎቹን አየ፣ ናፍጣውን በጠርሙስ ቀድቶ ብርሃን ላይ አየው፤ ውኃ የለበትም። ከዚያ ታንኩ እንደተከፈተ ዳማን ራሱ ነድቶ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ አረሰባት። አንድም ጊዜ አላለከለከችም። ሲሄድ ወረቀት ጽፎ ሰጠ፤ ትራክተሯ ምንም ጉድለት የለባትም ይላል። ጓድ ፈንቴ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ትራክተሯ ጉድለት ከሌለባት ጉድለቱ ያለው የት እንደሆነ ለመረዳት ሦስተኛ ንባብ አላስፈለገውም። እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፤ ምክንያቱ እስከዚያ ካልታወቀ ጉዳዬ በአሻጥር ክስ ወደ አውራጃ ይተላለፋል አለኝ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ፈራሁ። የማድርበት ቤት ባለቤት ምንም ሳይጠይቁኝ በሶ መውቀጥ ሲጀምሩ ይበልጥ ፈራሁ፤ የበሶው ብዛት የአንድ ሳምንት ስንቅ አይመስልም ነበር።

አሁን ለጉባኤው ያልነገርኩትን አንድ ነገር ለእናንተ ልናገር። በኮርሱ ላይ አስተማሪያችን አጥብቆ የነገረን አንድ ነገር ቢኖር የናፍጣ ሞተር ጠላት አየር መሆኑን ነው። አየር ቱቦ ውስጥ ገባ ማለት ሞተር ያለከልካል፣ ይቆማል። ዳማም ታለከልካለች፣ ትቆማለች፤ እንግዲህ አየር እየገባ ነው ማለት ነው። ረቡዕ ጠዋት ፊልትሮው ላይ ያለውን ብሎን ፈትቼ አየር ሳስወጣ አረፈድኩ። ከታንኩ በኩልም እንዳይገባ ብዬ እትየ ብርቄን ለብቻቸው አገኘኋቸውና፣ እሽጉ ትንሽ ሳይላላ አልቀረም፣ አየር ያስገባል መሰለኝ አልኳቸው። እንደዚያ የተቆጡ ሴት አላየሁም። "የኔ እሽግ ትንፋሽ ያስገባል? አርባ ዓመት ጋን መርጌ አንድ ሰው ኮመጠጠብኝ ብሎኝ አያውቅም" አሉ። በዚያው ቁጣ ከሥር በሰም የተነከረ ጨርቅ ጨመሩበት፤ ከላይም ሁለተኛ ድርብ ሰም አፈሰሱበት። ከዚያ ወዲያ ዳማ ግማሽ ሰዓት መሥራቷን ትታ በሩብ ሰዓት ትቆም ጀመር። እኔም ይኸው፣ አሁንም አየር እየገባ ነው አልኩ።

ዓርብ ዕለት ነው ነገሩ የተገለጠው። ዳማ እንደ ልማዷ ቆማ ኮሚቴው መጣ። ጓድ ፈንቴ ጥልቀቱን ሊያይ ወደ ትልሙ ወረደ፤ ሁለቱ ዝም የሚሉትም ዝም ብለው ተከተሉት። ታንኩ አጠገብ የቀረነው እትየ ብርቄና እኔ ነን። በዚያ ሰሞን ነፋሱ ካለፈው ዓመት የገብስ ክምር ገለባ እያመጣ ይበትንብን ነበር፤ ሰሙ ሲላጥም ክዳኑ አንገት ዙሪያ እፍኝ የማይሞላ ገለባ ተኝቶበት ነበር። እትየ ብርቄ ክዳኑን አዞሩ፣ እሽ አለ። ገለባው ወደ ፊታቸው ይበናል ብዬ ስጠብቅ በክዳኑና በአንገቱ መሐል ወደ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። እትየ ብርቄ ረገሙት። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ።

እትየ፣ ጋን ሲከፈት ትንፋሹ ወዴት ነው የሚሄደው አልኳቸው። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይን አዩኝና "ወደ ላይ ነዋ ልጄ፤ ጎንበስ ያለ እንደሆነ ዓይን ያጠፋል" አሉ። ከዚያ ክዳኑን እንደያዙ ታንኩን አዩት። ገለባው የገባበትን አዩት። "ይቺ ግን ሳበች" አሉ ቀስ ብለው።

ክዳኑን ከእጃቸው ተቀብዬ ገለበጥኩት። መሐሉ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አለች፤ በሰም ተደፍናለች። አራተኛው ወር ይኸው ነበር። ናፍጣው ወደ ሞተሩ ሲወርድ ቦታውን የሚይዝ አየር በዚያች ቀዳዳ መግባት አለበት፤ ካልገባ ታንኩ ባዶውን እየሳበ ናፍጣውን መልሶ ይይዘዋል፤ ሞተሩ ይራባል፣ ያለከልካል፣ ይቆማል። ሰሙንም ወደ ውስጥ እየጎተተ ያጎደጎደው የማንም አውራ ጣት አይደለም። ኮሚቴው መጥቶ ሲከፍትላት ትተነፍሳለች፤ አሽጎላት ሲሄድ ትታነቃለች። እኔ ደግሞ አየር ገባባት ብዬ ጨርቅ ያስጨመርኩባት ሰው ነኝ። እፍረቱና ደስታው አንድ ላይ መጡብኝ፤ የትኛውን እንደማስቀድም አላወቅሁም።

እትየ ብርቄ ወደ ትልሙ አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንግዲህ አንቆ የያዛት የፈንቴ ማኅተም ነዋ" አሉ። ለጓድ ፈንቴ ይህን ማን ይነግረዋል? የማኅበሩ ማኅተም የማኅበሩን ትራክተር አቆመ ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው በሶው ሳይቀር ይቀማል። እትየ ብርቄ ትንሽ አሰቡና "አትንገረው። አጠገብህ አቁመህ ራሱን አስይዘው" አሉኝ። ሴትዮዋን ያን ቀን ከኮሚቴው ማዕረግ በላይ አከበርኳቸው።

ጓድ ፈንቴ ሲመለስ፣ ጓድ ሊቀ መንበር፣ እሽጉን የምነካው እኔ ከሆንኩ ለምን አጠገቤ ቆመው አይጠብቁትም አልኩት። ከፈለጉም እጅዎን ይጫኑበት አልኩት። ሐሳቡን ወደደው፤ እንዲያውም ይህ ሐሳብ ከራሱ ባለመምጣቱ ጥቂት ጠረጠረው። ታንኩ ታሸገ፣ ማኅተሙ አረፈ። ጓድ ፈንቴ መርገጫው ላይ አጠገቤ ቆሞ በአንድ እጁ ጭቃ መከላከያውን ያዘ፣ ሌላውን መዳፉን እሽጉ ላይ ዘረጋ። ዓይኑን ከእጄ ሳይነቅል ሄድን። ሁለት ዙር አረስን። በሦስተኛው ዳማ አለከለከች። ዓይኑን ከእጄ ላይ ነቅሎ ወደ ራሱ እጅ አዞረ። ሰሙ ከአውራ ጣቱ ሥር ቀስ እያለ እየሰመጠ ነበር። እጁን ሊያነሣ ፈለገ መሰለኝ፤ ግን ካነሣው ማን ነክቶት ነው ሊባል ነው? እዚያው እንደያዘው ዳማ ቆመች። ነፋሱ ብቻ ቀረ።

ጓድ ፈንቴ መዳፉን አነሣ። የስንዴው ዛላ ወደ ውስጥ ሰምጧል። አውራ ጣቱን ለረጅም ጊዜ አየውና ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ያን ጊዜ እትየ ብርቄ ደርሰው ክዳኑን ከፈቱ፤ እሽ አለ። አስነሣኋት፤ ተነሣች፤ ሄደች። ክዳኑን ገልብጬ ቀዳዳዋን አሳየሁት። ጓድ ፈንቴ ቀዳዳዋን እንደ ክብሪት ቀፎው ፀሐይ ላይ ይዞ መረመራት። ይታሸግና እንደገና ይሞከር አለ፤ ሞከርን፣ ቆመች። ሳይታሸግ ሞከርን፣ አረሰች። በመጨረሻ ዞር ብሎ የጠየቀኝ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። "ይህን እስካሁን ለምን ደበቅህ?" ነው ያለኝ።

እሑድ ጉባኤው ተሰበሰበ። ከቅዳሴ የወጣው ሰው ጋቢውን እንደተከናነበ መጋዘኑ ፊት ተቀመጠ። እኔም በሶዬን ይዤ ሄድኩ፤ ነጻ ልውጣ አልውጣ ገና አልተነገረኝምና። ጓድ ፈንቴ የቀዳዳዋን ነገር አብራራ፤ ትራክተርም እንደ ሰፊው ሕዝብ መተንፈስ እንደሚገባት፣ አየር ግን ያለ ቁጥጥር መግባት እንደሌለበት። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አውጥተው፣ ይህ የሚገባው አየር ከየት በኩል የመጣ ነው፣ ከስሜን በኩል ከሆነ እዚያ ተራራ ላይ ማን ማን እንዳለ አይታወቅም አሉ። ቀለዱ ወይስ አልቀለዱም? እስከ ዛሬ አልለየሁትም፤ ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሲቀልዱ ፊታቸው አይላወስም ነበር። ጓድ ፈንቴ ግን ጥያቄውን ተገቢ ነው ብሎ አስመዘገበው። በመጨረሻ እሽጉ እንደነበረ ሆኖ፣ ሰሙ ላይ ስፌት በሚሰፋበት ወስፌ አንድ ቀዳዳ እንዲበሳና አየር ወደ ታንኩ እንዲገባ በሙሉ ድምፅ ተፈቀደ። ቄስ ሞገስ ሳይቀሩ እጃቸውን አወጡ።

ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መስሎኝ በሶዬን ፈትቼ ለአጠገቤ ሰው ላካፍል ነበር። ጓድ ፈንቴ ግን አልጨረሰም። ሦስት ሳምንት ሥራ ባክኗል አለ፤ የባከነ ሥራ ካለ ያባከነ ሰው መኖር አለበት፤ አጥፊ የሌለው ጥፋት በቃለ ጉባኤ አይያዝም። ሁሉም ዙሪያውን ተያየ። ማኅተሙን ያሳረፈው ሊቀ መንበሩ ነው፤ እሱን ማን ይጥራ? ያሸጉት እትየ ብርቄ ናቸው፤ እትብቱን የቆረጡትን ሴት እሱ አይጠራም። ሰሙ የቤተ ክርስቲያን ነው። የቀረሁት እኔ ነኝ። ስለ ሁለተኛው ድርብ ሰም ይነሣብኛል ብዬ ወደ እትየ ብርቄ አየሁ፤ እሳቸው ወደ ተራራው እያዩ ነበር። ጓድ ፈንቴ ጥፋቴን ሲያነብ ጆሮዬን አላመንኩም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እሽጉን ነካህ፣ እሽጉን ሰበርክ እየተባልኩ በአውራ ጣቴ ስለካ የከረምኩ ሰው፣ የትራክተሯን ችግር እያየሁ እሽጉን በወቅቱ ሰብሬ ባለመገኘቴ ግለ ሂስ እንዳደርግና ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠኝ ተወሰነ። ተነሥቼ ግለ ሂሴን አደረግሁ። ወደፊት አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ እሽግ ለመስበር ቃል ገባሁ። ተጨበጨበልኝ። ከእስር መትረፌ ነውና እኔም አጨበጨብኩ።

ዳማ ከዚያ ወዲያ ሳታለከልክ አረሰች፤ ዝናቡን በሁለት ቀን ቀደምነው። ማስጠንቀቂያው በሳምንቱ በደብዳቤ ደረሰኝ። ያመጡልኝ እትየ ብርቄ ናቸው፤ ሲሰጡኝ ትንሽ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ፖስታው ዙሪያውን በሰም ታሽጎ፣ መሐሉ ላይ የማኅበሩ ማኅተም አርፎበታል፤ ማጭዱም ዛላውም በግልጽ ይታያል። ደርግ ወደቀ፣ ማኅበሩ ፈረሰ፣ ዳማም ከሌላ ብረት ጋር ተጭና ሄደች። ፖስታው ግን ይኸው ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም።